ከሀሰኖ የሚበልጥ አበባ

ሐምሌ 9፣ 2007
ዝናብ። ገበያ የለም። ከአሮጊቷ ጎረቤቴ ከአደ ገለቴ ማሳ ዳር የራስ ክምር ችግኝ ነቅዬ ጓሮዬ ተከልኩ። ሳቁብኝ። "ዋቆ፣ አምላኬ! አንተ የህያ፣ ይሄ እኮ አረም ነው!" አረም? ያ ብርቱካንማ አበባ በግንዱ ላይ ኳስ በኳስ ሲደራረብ አላዩትም እንዴ...

ኅዳር 28፣ 2008
በግርግሩ መንገዱ ተዘግቷል። ሱቄም። አደ ገለቴ የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን መሬቴን ይወስደዋል ብለው እንቅልፍ የላቸውም። ታላቅ ወንድሜ ሀሰኖ ከመርካቶ ደወለ። "ሱሉልታ ይብቃህ። ጠቅልለህ ና፣ ልጄንም ይዘህልኝ።" ልጁ ሰዓዲያ እኔ ጋ ነው የምትሠራው። "እስከ መስከረም ካንተ የሚረዝም አበባ ካላበቀልኩ እመጣለሁ" አልኩት። ሀሰኖ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። እኔ... ይቅር። "እሺ አጭሬ! መስከረም ላይ አይሱዙ ይዤ እመጣለሁ።" ምን ነካኝ?

ታኅሣሥ 19
ከባለጋሪዎቹ የፈረስ ፋንድያ ለምኜ ከመርኩበት። ውሃም ጧት ማታ። ማን አስተማረኝ? ማንም! ቅጠሉ ተንዠረገገ። ሰዓዲያ፣ "አጎቴ፣ ምሳም አቅርብለት እንጂ" ትላለች።

ጥር 3
ሁሉም ተጋደመ። ቅጠል ብቻ። አበባ የለ።

ጥር 6
ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። አደ ገለቴ ከስንት ጊዜ በኋላ እየሳቁ መጡ። የተጋደመውን ሲያዩ ባሰባቸው። "የማሳ ዳር ልጅ እንዲህ ይሞላቀቃል? ቁረጠውና እርሳው።" ማጭዳቸውን ሰጡኝ። እስከ ጉልበቴ ቆረጥኩት። ካልበቀለስ?

ነሐሴ 14
ግርግሩ አገርሽቷል። ሀሰኖ፣ "አይሱዙው ተገኝቷል።" ፋንድያ የለ፣ ባልዲ የለ፤ ዝናቡ ብቻ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነው የማየው። ግንዱ ግን... ምሰሶ!

መስከረም 6፣ 2009
ሀሰኖ መጣ። በቀጥታ ጓሮ አስገባሁት። ሰዓዲያ፣ "አባዬ፣ እስቲ አጠገቡ ቁም" አለችው። ቆመ። ከአናቱ በላይ አንድ ሙሉ የአበባ ኳስ ተረፈ። አደ ገለቴ ከአጥር ማዶ እልልታቸውን ለቀቁት። አረም ያሉት እሳቸው አይደሉም?

ዕድሜ ልኩን ቁልቁል ያየኝ ሰው፣ እኔ የተከልኩትን አንጋጦ አየ። ወላሂ፣ ደረቴ ሸሚዜን ሊቀደው ነበር።

አይሱዙው ባዶውን ተመለሰ። ባዶውን እንኳ አይባልም... ጋቢናው ውስጥ ሁለት ችግኝ አለ። "ፋንድያ እንዳታደርግበት፣ ረጅሙ!" አልኩት።