በፔንቶልድ ስለታሸገው ሙቅ ገንዳ

ኤፕሪል 5

ለክቡር ሚስተር ኦዝዋልድ ስታንዌይ
የኤልድሪጅ አውራጃ ምክር ቤት የአካባቢ ጤና ጥበቃ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ወገብዎ አይመምዎ፣ ጉልበትዎ አይክዳዎ፣ የቢሮዎ ማሞቂያም ለአንዲት ሰዓት እንኳ አይቋረጥብዎ። ምኞቴ ከልብ ነው፤ ሰው የተመኘውን ሙቀት ሲከለከል ምን እንደሚሰማው ባለፈው ወር በክፍልዎ ቸርነት በሚገባ ተምሬአለሁና።

ዴሊዝ ማዶክስ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ምሳ ሳበስል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የአውራጃዎ ነዋሪ ነኝ። በየቀኑ ሦስት መቶ ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስመግብ የኖርኩ ሴት የሦስት ቀን ዕረፍት ማቀድ አያቅተኝም ብዬ ነበር የተነሣሁት።

ዕረፍቱ ለታናሽ እህቴ ለሜና ነበር። ሜና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። በክረምቱ ባቷ ላይ የነበረች ጥቁር ነጥብ ካንሰር ሆና ተገኘች። ሐኪሙ ነጥቧን ብቻ ሳይሆን በብሽሽቷ ያሉትን ንፍፊቶች ጭምር ቀዶ እንደሚያወጣ ነገራት፤ ቀኑንም ለማክሰኞ ማርች 14 ቆረጠላት። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

«ከዚያ በኋላ ይህን እግር ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የለም፤ ያብጥብሻል» አላት።

«ለስንት ጊዜ?»

«ለሁልጊዜው።»

ሜና አላለቀሰችም። ወጥተን መኪናው ዘንድ ስንደርስ፣ «እንግዲያው ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አንገቴ ድረስ ልነከር። ሜዳ ላይ፣ ሰማይ እያየሁ፣ ማንም ቶሎ ውጪ ሳይለኝ» አለችኝ።

ምኞቱ ለክቡርነትዎ ትንሽ ሊመስልዎ ይችላል። በእናታችን ቤት አራት ልጆች ነበርን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቱ ፊት በተቀመጠ አንድ የቆርቆሮ ገንዳ፣ በአንድ ውሃ፣ በዕድሜ ተራ እንታጠብ ነበር። የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ፤ የመጨረሻዋ ሜና። እሷ ዘንድ ሲደርስ ውሃው በርዶ እጣቢ መስሎ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እኔ ግን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ደብተር ገዝቼ ማቀድ ጀመርኩ። በፔንቶልድ፣ አይቮር ቤብ የሚባል በግ አርቢ አሮጌ ጎተራውን አድሶ ለእንግዳ እንደሚያከራይ፣ ደጁም ላይ ሙቅ ገንዳ እንዳለው አገኘሁ። ከዓርብ እስከ ሰኞ ያዝኩት። ሰውየው በስልክ አንዳች አልደበቀኝም። «እመቤቴ፣ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ቤቱ እንግሊዝ ነው፣ ገንዳው ዌልስ ነው። መሐላቸው አንድ ቁጥቋጦ አጥር አለ፣ ሰባት እርምጃ ነው። በጎቼ እንደሆኑ ልዩነቱን እስካሁን አልደረሱበትም» አለኝ። ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ ግን ጥንቃቄዬ መጣብኝ። ቅሬታዬም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

አንደኛ፣ ሁሉ ነገር ደንቡን የጠበቀ መሆኑን አረጋግጣለሁ ብዬ ወደ ክፍልዎ ስልክ ደወልኩ። አርባ አንድ ደቂቃ ያህል ለስለስ ያለ ሙዚቃ ስላሰማችሁኝ አመሰግናለሁ። በመጨረሻ ያነሳው ሠራተኛ፣ «ምንም ችግር የለም እመቤት፣ እናጣራለን» አለኝ። መሥሪያ ቤት ቃሉን በሚያጥፍበት ዘመን ክፍልዎ ቃሉን ስለጠበቀ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በእርግጥም አጣራችሁ።

ሁለተኛ፣ ዓርብ ማርች 10 ከሰዓት በኋላ ፔንቶልድ ደረስን። ሜና የዋና ልብሷን ከካፖርቷ ሥር ለብሳው ነበር የመጣችው፤ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተች። ገንዳው ከአጥሩ ማዶ እንፋሎቱን ያወጣል። ከገንዳው አጠገብ የላኩልን ባለሙያ ሚስ ፔትራ ሉም ክዳኑን በቢጫ ገመድ ጠምጥማ ማኅተም ስታደርግበት አገኘናት። ብርዱ አፍንጫዋን በርበሬ አስመስሎት ነበርና በእሷ አልፈርድም። ትሑት ልጅ ናት።

«የውሃው ምርመራ ወረቀት የዌልስ ማኅተም ነው ያለው። ቤቱ የሚከራየው ደግሞ በእኛ ፈቃድ ነው» አለችን።

«ውሃው ቆሻሻ ነው?» አለቻት ሜና።

«ኧረ ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ?»

«ንጹሕ መሆኑን እኛ አላረጋገጥንም።»

«አሁን አረጋግጪዋ፣ የኔ ልጅ። እዚሁ ቆመሽ የለም?»

ሚስ ሉም ወረቀቷን አገላበጠች። «ናሙና የምንወስደው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው» አለች።

ሜና አንገቷን ነቀነቀችና ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ክቡር ሆይ፣ ብትጮህ ይቀለኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ከድንበሩ ማዶ ላለው መሥሪያ ቤት ስደውል፣ «በእኛ በኩል ገንዳው ንጹሕ ነው። ያሸገው ሰው ግን ራሱ ይፍታው» አሉኝ። ወደ እናንተ ተመለስኩ። ሥራ አብቅቶ ስለነበር የተቀዳ ድምፅ ምርጫ ሰጠኝ፤ በሕይወት ያለ ሰው የሚያነሳው የሞተ እንስሳ ለማስታወቅ የተመደበው መስመር ብቻ ነው። እሱን ተጫንኩ።

«እንስሳው ምንድን ነው?» አለኝ አንድ ሰው።

«እህቴ ናት። ገና አልሞተችም» አልኩት።

ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ማዘኑ ከድምፁ ያስታውቅ ነበር፤ ከመንገድ ዳር የሞተ እንስሳ ከማንሳት ሌላ ሥልጣን እንደሌለው ነግሮኝ የክቡርነትዎን የውስጥ መስመር ሰጠኝ። እዚያም እስከ ረቡዕ የዓመት ዕረፍት ላይ መሆንዎን በገዛ ድምፅዎ ነገሩኝ። ደህና አርፈው እንደተመለሱ ተስፋ አደርጋለሁ።

አራተኛ፣ አምስተኛ እያልኩ መቁጠሩን ልተወውና የሆነውን ልንገርዎ።

ቅዳሜ ጠዋት አይቮር የበግ መሸለቻ መቀሱን ይዞ መጣ። «ይኼ እኮ ገመድ ነው። አንዴ ቀጭ ላርገውና ግቢ። ማን ያየናል?» አላት ሜናን።

«ተው አይቮር። እኔ ሰኞ እሄዳለሁ። አንተ እዚሁ ነህ፤ ፈቃድህን ቢነጥቁህ በምን ትኖራለህ?» አለችው።

አይቮር መቀሱን ኪሱ ከተተ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ እንዲቆርጠው ፈልጌ ነበር። ብቻችንን ስንቀር ተናደድኩባት። «ለዓለሙ ሁሉ ስታዝኚ ለራስሽ መቼ ነው የምታዝኚው?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ስልክ ባትደውዪ ኖሮ ማንም አይመጣም ነበር» አለች።

ወጥ ቤት ገብቼ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። የማውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነውና አራቱንም ምድጃ ለኮስኩና የቤቱን ድስት በሙሉ ውሃ ሞልቼ ጣድኩ። አይቮር ነገሩ ገብቶት በጎቹ የሚጠጡበትን የቆርቆሮ ገንዳ ጎትቶ አመጣ፤ ሦስት ጊዜ በሳሙና ፈትጎ በሩ ፊት አስቀመጠው። ለክቡርነትዎ እርጋታ ስል የማረጋግጠው፣ ገንዳው በእርግጠኝነት እንግሊዝ ውስጥ ነበር።

ሜና ካፖርቷን እንደለበሰች በወጥ ቤት ወንበር ተቀምጣ እግሮቿን አስገባች። እኔና አይቮር ድስት በድስት እያመላለስን አፈሰስን። አንዱን ስንጨምር የፊተኛው ይበርዳል። በዘጠነኛው ድስት ውሃው ባቷ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ በላይ አላለፈም። ማካፋትም ጀመረ።

«ሞቀሽ?» አልኳት።

«ባቴን ሞቀኝ» አለች። ጎንበስ ብላ ነጥቧን ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ይቺን እግር ስንት ዓመት ፍሬን ሳስረግጣት ኖሬ፣ ዛሬ ገና አየኋት።» ቆይታ ደግሞ፣ «ስለ ስልኩ ያልኩሽን ተዪው» አለችኝ።

«እውነትሽን ነው» አልኳት።

አይቮር ባዶ ድስቱን እንደያዘ፣ «በጎቼ ነገ ውሃው ሳሙና ሳሙና ሸተተን ብለው ለምክር ቤቱ እንዳይከሱኝ» አለ። ሜና ሳቀች። በዚያ ሦስት ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ማንም ሳይላት ራሷ ወጣች።

ቀዶ ሕክምናው በተባለው ቀን ተደረገ። ከወጡት አሥራ አንድ ንፍፊቶች ሁለቱ ካንሰሩ የደረሰባቸው ነበሩ፤ ሐኪሙ ግን ያየውን ሁሉ አውጥቼዋለሁ ብሏል። አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች፣ እግሯን የሚያጠብቅ ካልሲ ታደርጋለች፣ አውቶቡሷ ዘንድ ከበጋ በፊት አትመለስም። ሙቅ ውሃው እንደተባለው ቀርቷል።

ማርች 30 ለአይቮር ቤብ የጻፉት ደብዳቤ ግልባጩ ደርሶኛል። ማኅተሙ መነሣቱን፣ ውሃውም «በሁሉም መስፈርት ተስማሚ» ሆኖ መገኘቱን አበሥረውናል፤ መጨረሻው ላይም ስለ ትዕግሥታችን አመስግነዋል። ምስጋናውን ተቀብለናል። የት እንደምናስቀምጠው ግን ገና አልወሰንንም።

ካሣ አልጠይቅም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ከአጥሩ ማዶ ካለው ባልደረባዎ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡና የማን ማኅተም ለማን እንደሚበቃ ተስማሙ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሰው ሕመሙን በማክሰኞና በዓርብ ለይቶ አይታመምም።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ በዚህ ረጅም ጽሑፍ ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ መልስዎን ሙዚቃውን እያዳመጥሁ ለመጠበቅ ዝግጁ መሆኔን እየገለጽሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

ግብር ከፋይዎ
ዴሊዝ ማዶክስ

ማስታወሻ፦ እህቴ ሜና በሜይ ወር በሚደረገው የምክር ቤት ምርጫ ለመወዳደር ትናንት ወረቀቷን አስገብታለች። በአውቶቡሷ የሚመላለሱት ልጆች ወላጆች ፈርመውላታል። ከተመረጠች የእርስዎን ክፍል በሚቆጣጠረው ኮሚቴ ውስጥ መቀመጥ ትፈልጋለች። ሐኪሙን አማክራለች፤ የከለከላት ሙቅ ውሃ እንጂ ስብሰባ አይደለም።