ግንባሬ ላይ የለጠፍካት ወረቀት

አንተ ሰው፣

ታክሲው በር ላይ ቆሞ ጥሩንባውን እየነፋ ነው፤ ቶሎ ልበል። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያፈሳል። ውሃው ፖስተሮችህ ጋ ሳይደርስ አሠራው። ጃኬትህን ለብሼ ወጥቻለሁ፤ ይቅርታ፣ ብርድ ብርድ ይለኛል።

መስኮት ልዘጋ ክፍልህ ስገባ የድሮ ባንዳችንን የኮንሰርት ፖስተሮች አየኋቸው። ጊታሬን ይዤ ብቻዬን የቆምኩበትን ከሚሸጡት ለይተህ፣ እዚያው ግንባሬ ላይ «ይቆይ» የምትል ቁራጭ ወረቀት ለጥፈህበታል።

ድራመራችን ሆስፒታል የገባ ሰሞንም የሱ ፖስተር ላይ ያቺኑ ነበር የለጠፍከው። ለምን ስልህ፣ «ዋጋው ገና ነው» አልከኝ። ከቀብሩ ተመልሰን ጫማችንን እንኳ ሳናወልቅ ገዢዎች ስልክህን አጨናነቁት።

እኔ ሞኙ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። «ይቆይልኝ» ልትል ፈልገህ ወረቀቱ ያጠረህ መሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት ግን የምርመራ ውጤቴ ለምን እንደዘገየ ልጠይቅ ሐኪም ቤት ደወልኩ። ነርሷ፣ «ባለፈው ሳምንት ቤት ደውለን ለወንድምዎ ነግረናቸው የለ እንዴ?» አለችኝ።

ወንድም እንደሌለኝ ታውቃለህ።

ሳምንቱን ሙሉ ሾርባ እያሞቅክ አልጋዬ ድረስ ስታመጣልኝ ከረምክ። እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን የምሄደው አንተ የሰማኸውን ልሰማ ነው። ማታ እመለሳለሁ። ወረቀቷን አልነካኋትም፤ እርሳስ አጠገቧ አስቀምጬልሃለሁ።

የጎደሏት ሁለት ፊደል ብቻ ናቸው።