የብልባላ የሴቶች ሦስትዮሽ ውድድር በሰዓት እንጂ በዕጣ እንዳይወሰን

ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ብልባላ

ለስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ላሊበላ

አመልካች፦ ወ/ሮ ባንቺዓለም ወንዴ፣ የተወዳዳሪ የትናየት ጋሻዬ እናት

ጉዳዩ፦ የተሰረዘው ውጤት በተመዘገበው ሰዓት መሠረት እንዲጸና፣ ለሐሙስ የተጠራው ዕጣ እንዲቀር እና ሰዓት ያዡ መምህር ምስጋኑ ወደ ሥራው እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፦

ለክብርዎ የሚገባውን ሰላምታ ካቀረብሁ በኋላ፣ ይህን የምጽፈው ደስ ብሎኝ መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅዎ። አቤቱታ እየተለቀሰ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። እኔ ግን ትናንት መምህር ምስጋኑ ከጤና ጣቢያ ወጥቶ በእግሩ ሲሄድ አይቼ፣ ሰው አለመግደሌን አረጋግጬ፣ እስከ ቤቴ ድረስ እልል እያልሁ ነው የገባሁት። መጀመሪያ ላሊበላ ከሚገኝ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ ነበር። ጉዳዬን ስነግረው «እትዬ፣ ይኼ እኮ አቤቱታ አይደለም፣ የእምነት ቃል ነው፤ ፖሊስ ዘንድ ይሂዱ» ብሎ ብዕሩን ከደነ። አሥረኛ ክፍል ድረስ ስለተማርሁ እኔው ጻፍሁት። ፖሊስ ዘንድም ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ በዋስ ወጥቻለሁ። ወደ እርስዎ የመጣሁት ፖሊስ ስለማይዳኘው ነገር፣ ስለ ሰዓቱ ነው።

1. እሑድ ኅዳር 7 ቀን አዘጋጅ ኮሚቴው የሴቶች ሦስትዮሽ ውድድር አካሄደ። ይኸውም መጀመሪያ በመስኖው ግድብ ዋና፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ በመጨረሻ እስከ ብልባላ ገበያ ሩጫ ነው። አምስት ሴት ልጆች ተወዳደሩ። አንደኛ የምትወጣው ለዞኑ ውድድር ትሄዳለች፤ እዚያ ከተሳካላት ማሠልጠኛ ትገባለች። ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው።

2. ልጆቹ ወደ ውኃው እኩል አልገቡም። ሰው ቢሰምጥ የሚያወጣ ዋናተኛ አንድ ብቻ፣ ሸዕባን የሚባል ሰው ስለሆነ፣ በሁለት በሁለት ደቂቃ ልዩነት አንድ በአንድ እንዲገቡ ተደረገ። ልጄ የትናየት መጀመሪያ ገባች። ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል የመጣችው የደሳለ ልጅ ሰብሌ አራተኛ ስለነበረች ስድስት ደቂቃ ቆይታ ገባች። ስለዚህ ሰብሌ ስትደርስ ስድስት ደቂቃ እንደሚቀነስላት ኮሚቴው ከዋዜማው በድምፅ ማጉያ ተናግሯል። እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልቤ ግን አልተቀበለውም። ቀድማ የደረሰች ቀደመች፣ ሌላው የተማረ ሰው ወሬ ነው ብዬ ተውሁት።

3. ያለው የሩጫ ሰዓት አንድ ነው፣ የያዘውም መምህር ምስጋኑ ነው። አምስቱም ከውኃ እስኪወጡ እዚያው ጠብቆ እየመዘገበ፣ ከዚያ በባጃጅ ብስክሌቶቹን አልፎ ገበያው ዳር ቆመ። እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበርሁ፤ የብስክሌት ጎማ ቢተነፍስ ብዬ መንፊያ ይዤ። ልጄ ብቻዋን ብቅ ስትል የሆንሁትን ልነግርዎ አልችልም። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እልል አልሁ። የባሌ ወንድሞች በትከሻቸው ተሸከሟት። ሰብሌ የደረሰችው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው፤ መስመሩን አልፋ እዚያው ተዘረረች። «ይቺስ የት አድራ መጣች?» ብዬ ሳቅሁባት። ሰውም አብሮኝ ሳቀ።

4. ያን ጊዜ መምህር ምስጋኑ ደብተሩን አየት አድርጎ «አንደኛ ሰብሌ ደሳለ፤ በአሥራ ሁለት ሴኮንድ» አለ።

5. ክቡር ሆይ፣ የአሥራ ሁለት ሴኮንድ ነገር ነው ብለው እንዳይንቁት። እኔ በአሥራ ሁለት ሴኮንድ ውስጥ የሚከተለውን አድርጌአለሁ። «ዓይናችን እያየ!» ብዬ ጮኼ በመንፊያው አፉን መታሁት። ከንፈሩ ለሁለት ተከፈለ፣ የፊት ጥርሱ እግሬ ሥር ወደቀ። ሲወድቅ ሰዓቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ደረቱ ሥር አደረገው፤ እጁን ረገጥሁት፣ ጣቶቹ ሲንቋቁ ተሰማኝ፣ መስተዋቱም አብሮ ደቀቀ። ጠንካራ እጅ እንዳለኝ ሁሉም ያውቃል፤ በጊዜው እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

6. ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ብቻ አይደለም፣ የጀመርሁት ግን እኔ ነኝ። ደሳለ «ልጄን ሌባ ልታደርጊያት!» እያለ መጥቶ በዱላ ትከሻዬን አለኝ፤ እስከ ዛሬ እጄን አንሥቼ ሻሼን ማሰር አልችልም። የባሌ ታናሽ ወንድም ዱላውን ቀምቶ የደሳለን ክንድ በዚያው ሰበረለት። ከዚያ ድንጋይ ሆነ። ብስክሌት አንሥተው ሰው ላይ ወረወሩ። አንዱ የብስክሌት ሰንሰለት አውልቆ እንደ ጅራፍ ሲያወርደው የሰው ግንባር እንደ በሰለ ቁልቋል ተሰነጠቀ። አንድ ሽማግሌ «በእመቤታችን! በእመቤታችን!» እያሉ መሃል ሲገቡ ማን እንደመታቸው ሳይታወቅ ወደቁ። ጤና ጣቢያ የተኙት ሰባት ሰዎች ናቸው።

7. ይህንን ለፖሊስም ተናግሬአለሁ። ሰብሌ እዚያው መሬት ላይ ነበረች፣ ደክሟት መነሣት አልቻለችም። «አንቺ ነሽ ያመጣሽው!» ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ በእግሬ ረገጥኋት። የረገጥሁት ጀርባ ግን የልጄ ነበር። የትናየት ከአጎቶቿ ትከሻ ወርዳ፣ በሰው መሃል ሾልካ፣ ሰብሌ ላይ ተኝታ ሸፍናት ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «እማዬ፣ ድገሚኝ» አለችኝ።

8. አዘጋጅ ኮሚቴው በማግሥቱ ተሰብስቦ ውጤቱን ሰረዘ። ሰዓቱ ተሰብሯል፣ መዝገቡም ጠፍቷል፣ ስለዚህ የትናየትና ሰብሌ ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን ገበያው መሃል ዕጣ ያወጣሉ አለ። መምህር ምስጋኑንም «ለሁከት ምክንያት ሆኗል» ብሎ ከሰዓት ያዥነት አነሣው። ጥርሱን ያወለቅሁት እኔ፣ ከሥራው የተነሣው እርሱ! ጎረቤቶቼ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ግማሽ ዕድል አገኘሽ» ሊሉኝ መጡ። እኔም ተቀብያቸው ነበር።

9. መዝገቡ ግን አልጠፋም። እኔ ዘንድ ነው። በዱላው መሃል ገጹን ከደብተሩ ገንጥዬ ደረቴ ውስጥ የወሸቅሁት እኔ ነኝ። ቤት ገብቼ ልጥለው አላሰብሁም ነበር፤ አንዲት ስሕተት ፈልጌ መምህሩን ላዋርድበት ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በልጄ አሮጌ ካልኩሌተር ደመርሁ፣ ቀነስሁ። የትናየት የደረሰችው በአንድ ሰዓት ከሠላሳ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ነው። ሰብሌ የደረሰችው በአንድ ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ደቂቃ ከሠላሳ ሦስት ሴኮንድ ነው፤ ዘግይታ የገባችበት ስድስት ደቂቃ ሲቀነስ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃ ከሠላሳ ሦስት ሴኮንድ ይሆናል። ልዩነቱ አርባ ሰባት ሴኮንድ ሆነብኝ። «ይኸው! አሥራ ሁለት ብሎ ነበር፣ ቀጣፊ!» ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

10. ከዚያ ከሥር በእርሳስ የተጻፈውን አየሁ። «የትናየት፦ ጭነት አህዮች መንገድ ዘግተውባት ቆማለች። ሠላሳ አምስት ሴኮንድ ይቀነስላት» ይላል። ባጃጁ ሲያልፋት አይቶ፣ በሰዓቱ ቆጥሮ፣ ለልጄ የጻፈላት ነው። ማንም አልጠየቀውም። እኔም አላውቅም፣ ሰብሌም አታውቅም፣ ልጄም አልነገረችኝም። አርባ ሰባት የነበረውን አሥራ ሁለት ያደረገው እርሱ ነው። ያን አፍ ነው የመታሁት።

11. በዚያው ገጽ ሌላም አገኘሁ። የትናየት ግድቡን የተሻገረችው በዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ሲሆን ከአምስቱም ፈጣኗ ናት። ክቡር ሆይ፣ የላስታ ልጅ በውኃ ሰው ስትበልጥ! ገጹን አቃጥዬው ቢሆን ኖሮ ይህን በዓለም ላይ የሚያውቅ አይኖርም ነበር። ደስታዬ ይኸም አለበት፤ አልደብቅም። ሰዓት በትክክል ሲያዝ የተሸነፈም የራሱን ያገኛል፤ በዕጣ ግን ያሸነፈችውም ምን እንዳደረገች ሳታውቅ ትቀራለች።

12. ገጹን ለልጄ አሳየኋት። ጀርባዋ በልዞ ስለነበር በሆዷ ተኝታ አነበበችው። «አውቃለሁ፣ እማዬ። ሰብሌ ስትገባ እኮ እኔ የግድቡን ግማሽ አልፌ ነበር» አለችኝ። «ታዲያ ዕጣው ቢወጣልሽስ?» አልኋት። «ከወጣልኝ አልሄድም። ባይወጣልኝም ሰው በዕጣ ሄደች ይላታል» አለች። ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ አድርጌ ያሳደግኋት እኔ አይደለሁም፣ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

13. አሁን የሚያስቸኩለኝን ልንገርዎ። ጾመ ነቢያት ትናንት ገብቷል፤ እዚህ ሰው ቅቤውን ከወጥ ከልክሎ ዱላ እየቀባበት ነው። በእኛም በኩል፣ በደሳለም በኩል። ዕጣው ለማንም ቢወጣ ሌላው ወገን ተጭበርብሯል ይላል፤ ዕጣ ምስክር የለውም። የባሌ ወንድሞች «ሐሙስ አንቺ ከኋላ ሁኚ» ብለውኛል፤ ይህን ያሉኝ ገጹን ስላላዩት ነው። ደሳለም ክንዱ ታስሮ ሳለ በግራ እጁ ድንጋይ ሲወረውር የታየ መሆኑን ሰምቻለሁ። ባለፈው ሰባት ሰው ተኛ። የአሁኑ ግን መቃብር ያስቆፍራል እንጂ ጤና ጣቢያ አይችለውም።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ. ከዚህ ጋር ያያያዝሁት ገጽ ተመርምሮ ውጤቱ እንዲጸና፤ ለዞን የምትሄደው ሰብሌ ደሳለ እንድትሆንና ዕጣው እንዲቀር። በገጹ ጠርዝ ላይ ያለው ደም የመምህሩ ነው፤ ቁጥሮቹን አልነካቸውም።

ለ. መምህር ምስጋኑ ወደ ሰዓት ያዥነቱ እንዲመለስና ኮሚቴው ስሙን በጽሑፍ እንዲያጠራለት። የእኔ ቅጣት በሕግ ይታያል፤ እርሱ በእኔ ጥፋት አይቀጣ።

ሐ. ወደፊት ሰዓቱ ሁለት፣ ያዡም ሁለት ሰው እንዲሆን። ሁለቱ ሳይስማሙ ውጤት አይነገር። ደግሞም እያንዳንዷ ልጅ ውኃ የገባችበት ደቂቃ መድረሻው ላይ በትልቁ በኖራ ይጻፍ። እኔን የመሰለ ሰው በጆሮው ከሚሰማ በዓይኑ ቢያይ ይሻላል።

መ. ውጤቱ ሐሙስ ገበያው መሃል ሲነገር በድምፅ ማጉያው የማነበው እኔ እንድሆን ይፈቀድልኝ። ከመምህር ምስጋኑ አፍ ቢሰሙት የእኛ ሰዎች ዳግመኛ ይነሡበታል። ከእኔ ቢሰሙት ግን ምን ብለው ይነሣሉ? ዱላ የሚያነሣ ቢኖር መጀመሪያ እኔን ያገኘኛል፤ ከዚያ ወዲያ ለማለፍ የባሌ ወንድም ቢሆንም እኔን መርገጥ አለበት። የማነበው ሁለት ስም ነው። የልጄን ስም ከሁለተኛ ላይ ሳነብ ድምፄ ቢሰበር ይታገሡኝ። የሰብሌን ግን ከገበያው ዳር እስከ ዳር እንዲሰማ አድርጌ እጠራዋለሁ፤ ከዚያም እልል የምለው መጀመሪያ እኔ ነኝ።

መልስዎን ከሐሙስ በፊት በተስፋ እጠብቃለሁ። ለሥራዎና ለጤናዎ ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ባንቺዓለም ወንዴ

አባሪ፦ አንድ ገጽ የሰዓት መዝገብ

ግልባጭ፦
ለመምህር ምስጋኑ፣ በእጄ አደርስለታለሁ
ለአቶ ደሳለ፣ ልጄ ታደርስለታለች