መጤው አቶ ይልማ

ሰኞ

«ሸዌ ነው በላቸው፤ ሌላ ምንም አትጨምር» አለኝ ሙላት። የቅስቀሳዬ ኃላፊ እሱ ነው። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ስላለው ቀስ ብሎ መናገር አይችልም፤ ምክሩን ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

እኔ የሥነ ዜጋ መምህር፣ የቁሐር ሚካኤል ተወላጅ። ለክልል ምክር ቤት የምወዳደረው ከአቶ ይልማ ጋር ነው። ከመንዝ በእንስሳት ሐኪምነት መጣ፣ ተመረጠ፣ ወንበሩ ላይ ቆየ። ሚስቱና ልጆቹ ባሕር ዳር ናቸው። ሰው ግን ይወደዋል። ለምን እንደሚወደው መጠየቅ ነበረብን። አልጠየቅንም።

ማክሰኞ

ወረታ ገበያ ዋልን። ማይክራፎኑን ይዤ «ለመሆኑ ተወካያችሁ ቤቱ የት ነው?» አልኩ። ሳቁ። መልካም ምልክት መሰለኝ። አንድ የከብት ነጋዴ «ቤቱን እንጃ፤ ላሜ ስትታመም ግን ስልኩ ይነሳል» አለ።

የዛሬ ትርፍ፦ የተዘጋ ድምፅ። ፀሐይ የላጠው አንገት። «አንተን ነው የምንመርጠው» ያሉ ሁለት ሰዎች። አንደኛው የይፋግ ሰው ነው፤ እዚህ አይመርጥም።

እናቴ ደውላ «ሰው እንዳትሳደብ» አለችኝ። ድምፅዋን ለማን እንደምትሰጥ አልጠየቅኋትም። ፈራሁ።

ረቡዕ፣ ሚካኤል

የቅስቀሳው የመጨረሻ ቀን። ቁሐር ላይ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብሎ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ሁለታችንም ተናገርን። እኔ የተለማመድኩትን አወረድኩት፦ «ሰው የሚታወቀው በማኅበሩ ነው። የእሱ ማኅበር የት ነው? የማንን ጽዋ ጠጥቶ ያውቃል?»

ያሸነፍኩ መሰለኝ።

የሚካኤል ማኅበር መሪ አባ ተገኘ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «መምህር፣ የአባትህን ጽዋ የተረከበው እሱ ነው» አሉ።

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም። አባት ሲሞት ማኅበሩን ልጅ ይረከባል፤ ተራው ሲደርስም ይደግሳል። እኔ «ዘንድሮ አልተመቸኝም» እያልኩ አሳለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ጠያቂ ጠፋ፤ እኔም ጠያቂ በመጥፋቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ እናቴ ብቻዋን ልትደግስ ስትንደፋደፍ አቶ ይልማ «እኔ ልግባበት» ብሏል። ተራው በደረሰ ቁጥር እናቴ ቤት እየደገሰ ኖሯል።

እሱ መሬት መሬት እያየ «ይተዉት አባ፣ ይሄ ለምርጫ የሚነሣ ነገር አይደለም» አላቸው። ይኸኛው የባሰ ጎዳኝ።

ሐሙስ

ሙላት «ሰው ይረሳል» ይላል። የማን ላም በየትኛው ጎርፍ እንደተወሰደች የሚያስታውስ ሕዝብ ይረሳል?

እናቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

ለማን እንደምትሰጥ በመጨረሻ ጠየቅኋት። «ልጄስ አንተ ነህ» አለች። ከዚያ ሰሞኑን ስለተወለደው ጥጃዋ አወራን።

ሰኞ

ምርጫው ትናንት ነበር። ዛሬ ውጤቱ በየጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ወረታ ላይ ብዙም አልራቀኝም። ቁሐር ሚካኤል ላይ ግን ያገኘሁት ድምፅ ከዘመዶቼ ያንሳል። ይልማ መጤ መሆኑን የቁሐር ሰዎች ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር፤ እነሱ የሚመዝኑት ግን ሌላ ነው። በአገሬ መሸነፌ ያንገበግባል፤ ሆኖም የፈራሁትን ያህል አይደለም።

ለአቶ ይልማ ደውዬ «እንኳን ደስ አለህ» አልኩት። አመሰገነኝ። «የአባትህን ጽዋ ከፈለግኸው ያንተ ነው» አለኝ። እፈልገዋለሁ።

ማክሰኞ

አባ ተገኘ ዘንድ ሄጄ «የአባቴን ቦታ ልረከብ መጣሁ፤ አቶ ይልማም ፈቅዷል» አልኳቸው።

«ጽዋ ዕቃ ነው እንዴ የምትቀባበሉት?» አሉ። «እሱ እንደሆነ ገብቷል፣ አይወጣም። አንተም ከፈለግህ እንደ ማንኛውም አዲስ ሰው ማኅበሩን ጠይቅ። ከአባላቱ መካከል ግን የሚያውቅህ ሰው ስለ አንተ መናገር አለበት። ማን ይናገርልህ?»

አሰብኩ። የአባቴ ጓደኞች አልፈዋል። ልጆቻቸውን በመልክ እንጂ በስም አላውቃቸውም። እሳቸውም አላቻኮሉኝም፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጠበቁኝ።

የአቶ ይልማን ስም ሰጠሁ።