ትሮስቢ ባዶ ሆና ስለተገኘችበት እሁድ

ቀን፦ ዓርብ ኖቬምበር 22 ቀን 2024

ለኤልድሚንስተር ሀገረ ስብከት
የሊቀ ዲያቆናቱ ጽሕፈት ቤት
ኤልድሚንስተር

አመልካች፦ ሄስተር ፕላምሪጅ፣ የትሮስቢ ደብር ምእመን

ጉዳዩ፦ ቤተ ክርስቲያናችን ሰው የላትም ተብሎ የተሰጠው ውሳኔ ሰዎቿ ጎረቤት ደብር በሄዱበት ቀን በተደረገ ጉብኝት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ እንደገና እንዲታይልን ስለመጠየቅ

ለተከበሩ ሊቀ ዲያቆናት፣

1. እሁድ ኦክቶበር 6 ቀን ከማለዳ ጀምሮ ዝናብ ይጥል ነበር። በትሮስቢ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገኙት የጽሕፈት ቤትዎ መልእክተኛ አቶ ጃስፐር ኮልቢ፣ በጣሪያው ሥር የሚኖሩት የሌሊት ወፎችና በመስኮት ደፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ዱባ ናቸው። ይህ በአቶ ጃስፐር ሪፖርት ውስጥ ሰፍሯል፤ እውነት ስለሆነም አልክድም። ስሕተቱ ዱባው "ተረስቶ የቀረ" መባሉ ነው። የኛ የመከር በዓል ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ ስለተከበረ ዱባው ሰኞ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊወሰድ የተቀመጠ ነበር። ያበቀሉት አቶ ኢቮር ታንሲ ከደብሩ መዘጋት ይልቅ በዚህች ቃል ነው ያዘኑት።

2. እንደሚያውቁት አራት ደብሮች ሆነን ያለን አንድ ቄስ ብቻ ነው። ቄስ ሮዋን እሁድ እሁድ ከደብር ወደ ደብር በመኪና ሲጣደፉ የቡራኬያቸውን መጨረሻ የምንሰማው በመኪናው መስኮት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ይህን ጽሕፈት ቤትዎ የወሰነው ስለሆነ አናማርርም።

በመከር ወራት ግን ከአያቶቻችን የወረስነው ልማድ አለን። አንዱ ደብር የመከር በዓሉን በሚያከብርበት እሁድ የሌሎቹ የሦስቱ ሰዎች የራሳቸውን አገልግሎት ትተው እዚያ ይሄዳሉ። ዘፈን የሚችለው ይዘምራል፣ የማይችለው ድንች ይልጣል። የየራሳችንን በር ግን ዝናብ የመታው መንገደኛ እንዲጠለልበት ከፍተን ነው የምንሄደው። ኦክቶበር 6 ተራው የሃርክስቶን ደብር ነበር።

3. አቶ ጃስፐር ጉብኝታቸውን ከትሮስቢ ጀመሩ። ቀጥለው ወደ ሁለቱ ጎረቤቶቻችን ሄዱ። ሦስቱንም በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ውስጣቸው ሰው አልባ ሆኖ አገኙ። በመጨረሻ ሃርክስቶን ሲደርሱ ሕዝቡ እስከ በሩ ሞልቶ ይዘምር ነበር። ሪፖርታቸው ሃርክስቶን ሕያው ደብር መሆኗን፣ ሦስቱ ግን ምእመን እንደሌላቸው ይናገርና፣ የሦስቱ ምእመናን ወደ ሃርክስቶን እንዲሄዱ ይመክራል። ከተከበረው ጽሕፈት ቤት ጋር መከራከር አልፈልግም። የሦስቱ ምእመናን ግን በዚያ ሰዓት ሃርክስቶን ነበርን። ምክሩ ሳይጻፍ ፈጽመነዋል።

4. "ታዲያ ለምን አልነገራችኋቸውም?" እንደሚሉን አውቃለሁ። በኛ መንደሮች ማዕድ የቀረበን እንግዳ ማን ነህ፣ ምን ፈልገህ መጣህ ማለት ነውር ነው። የሚጠየቀው ይጨመርልህ ወይ ተብሎ ብቻ ነው። ከአገልግሎቱ በኋላ በሃርክስቶን አዳራሽ ምሳ ስናቀርብ፣ የዚያው ደብር ተጠሪ አቶ በርትራም ሊድጌት ወደ ወጥ ቤቱ በር ጠጋ ብለው፣

"ሄስተር፣ ያ ካፖርቱ የሚንጠባጠበው ሰውዬ የናንተ ነው?" አሉኝ።

"የኛ አይደለም። የናንተ መስሎኝ ነበር።"

"የኛማ ቢሆን የመጨረሻዋን ቁራሽ ለሰው ይተው ነበር።"

"እንግዲህ የአንዱ አማች ይሆናል። ተወው፣ ይብላ።"

በሪፖርቱ ውስጥ "የሃርክስቶን ሴቶች ሞቅ ያለ መስተንግዶ" ተብሎ የተመሰገነው የፖም ኬክ የተጋገረው በትሮስቢ፣ በኔ ምድጃ ነው። ሁለት ጊዜ የጨመርኩላቸውም እኔ ነኝ። ለምስጋናው አመሰግናለሁ። ደብሬን ከነሳህኑ አስረክቤ እንደመጣሁ የገባኝ ግን ደብዳቤዎ ሲደርሰን ነው።

5. ደብዳቤዎ ከፋሲካ በኋላ ትሮስቢ እንድትዘጋና ሕንጻው ለመኖሪያ ቤት እንዲሸጥ መወሰኑን ይገልጻል። ምክንያቱም "ሕንጻው ለምእመናኑ የሚሰጠው፣ በሃርክስቶን ሊተካ የማይችል ጥቅም አልታየም" የሚል ነው። ሊተካ የማይችለውን ጥቅም ከዚህ በታች አመለክታለሁ። ደብዳቤ መጻፍ የተማርኩት ከጽሕፈት ቤትዎ እየመጡ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ከሚለጠፉት ማስታወቂያዎች ስለሆነ፣ ቋንቋዬ ከደረቀብዎ ምንጩን ያስቡልኝ።

6. በአገልግሎታችን መካከል ቄስ ሮዋን "የጌታ ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን" ይላሉ። ያን ጊዜ ከየወንበራችን ተነሥተን እንጨባበጣለን። ትሮስቢ ትንሽ ናት፤ የምንመጣውም ጥቂት ነን። አንዱን ሰው ሳይጨብጡ ወደ ቦታ መመለስ አይቻልም። ምሰሶ እንኳ ስለሌላት መሸሸጊያ የለም።

ታላቅ እህቴ ዴልፊንና እኔ በአንድ ግድግዳ ተከፍለን ጎን ለጎን እንኖራለን። ሬዲዮዋን እሰማለሁ፤ ሳሌን ትሰማለች። እናታችን ካረፈች ወዲህ፣ ይኸው ስምንት ዓመት ሆነው፣ አንነጋገርም። የጠባችን መነሻ በቤተ ክርስቲያኑ ደቡብ በኩል ያለው የመስኮት ደፍ ነው። በደብራችን እያንዳንዱ ቤተሰብ ለበዓል የሚያስጌጠው የራሱ ደፍ አለው። የእናታችን ደፍ ፀሐይ የሚያገኘው ነበር። ወደ ማንኛችን እንደሚያልፍ ሳትናገር አረፈች። እኔ ቀድሜ ፖም ደረደርኩ። ዴልፊን ፖሜን ወደ ሰሜኑ መስኮት፣ ከማሞቂያው ጀርባ ወስዳ አበባ አኖረች። ከዚያ የተባባልነው ለጽሕፈት ቤትዎ አይጠቅምም፤ ለኛም አልጠቀመንም። አቶ ኢቮር እንደ ገላጋይ ሆነው ደፉን በዱባቸው ይዘውታል። አቶ ጃስፐር ያዩት ዱባ እሱ ነው።

በስምንቱ ዓመት ውስጥ የተነጋገርነው እሁድ እሁድ ብቻ ነው። "ሰላም ለአንቺ ይሁን" እላታለሁ። "ለአንቺም" ትለኛለች። እጇን እይዛለሁ። ሌላ ቃል የለም። ግን እጅ ብዙ ይናገራል። አምና ክረምት ከመሰላል ወድቃ ለማንም ሳትነግር እጇ ተሰብሮ ሊሆን እንደሚችል ያወቅኩት ግራ እጇን ስትሰጠኝ ነው። በማግሥቱ ሐኪሙ በሯን ሲያንኳኳ ማን እንደላከው አልጠየቀችም። ጣቶቿ የመነመኑበት ሳምንት ሾርባ በደጇ አስቀምጬ ተመለስኩ። ሳህኑ ታጥቦ በደጄ ተገኘ።

ኦክቶበር 6 ቀን በሃርክስቶን የሆነውን ደግሞ ላስረዳ። ሃርክስቶን ሰፊ ናት፤ በሁለቱም ወገን ምሰሶ አላት፤ ሰውም ብዙ ነበር። ሰላም መለዋወጫው ሲደርስ ዴልፊን በሰሜኑ በኩል፣ እኔ በደቡቡ በኩል የሰው እጅ ይዘን ቀረን። ሳንደራረስ መዝሙሩ ተጀመረ። እጇን ሳልይዝ የገባሁበት ሳምንት ያ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳውን ሳዳምጥ ሰነበትኩ። ሁለታችንን በየሳምንቱ ወደ ሃርክስቶን ብትልኩን፣ ሰላማችንን በምሰሶ እንደምትከልሉት በአክብሮት አሳስባለሁ። እህቴ ግትር ናት። ምሰሶ ካገኘች ከጀርባው አትወጣም። እኔም የእናቷ ልጅ ነኝ።

7. ትናንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሰበካ ጉባኤያችን በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተሰብስቧል። ቄስ ሮዋን፣ አቶ ኢቮር፣ ዴልፊንና እኔ ነበርን። አቶ በርትራምም ሃርክስቶንን ወክለው መጥተዋል።

"በኛ በኩል ተቃውሞ አለን" ብለው ጀመሩ። "አንፈልጋችሁም። ማለቴ፣ እንወዳችኋለን፤ ግን በየሳምንቱ አንፈልጋችሁም። በዓመት አንድ ቀን ስትመጡ እንኳ ማንኪያችን አልቆ ሾርባ በብርጭቆ ነው የጠጣነው።"

"አቤቱታውን ማን ይጻፍ?" አሉ ቄስ ሮዋን፤ ሰዓታቸውን እያዩ።

"እኔ ከጻፍኩት ስድብ ነው የሚሆነው" አሉ አቶ ኢቮር። "'ተረስቶ የቀረ'! ውኃ በእጄ ተሸክሜ ያሳደግኩትን!"

ዴልፊን ፊቷን ወደ ቄስ ሮዋን መልሳ፣ "ለዚያች ሴትዮ ንገሩልኝ" አለች። "ስምንት ዓመት ያጠራቀመችው ቃል አለ። እሱን ታውጣበት።"

"ሰምቻለሁ በሉልኝ" አልኩ እኔም ለቄሱ።

"ሁለታችሁም ትሰማማላችሁ" አሉ ቄስ ሮዋን። "እኔ እዚህ የቆምኩት እንደ ስልክ ሽቦ ነው። ሄስተር ትጻፍ፤ በሉ፣ ሌላ ደብር ይጠብቀኛል።"

ስለዚህ እኔ ጽፌያለሁ።

8. በመሆኑም የሚከተሉት እንዲፈጸሙልን በትሕትና እለምናለሁ።

ሀ) ትሮስቢን የመዝጋቱ ውሳኔ እንዲነሣ፤

ለ) ሌላ ጉብኝት ካስፈለገ የአንድም ደብር የመከር በዓል በሌለበት እሁድ እንዲሆን፣ አቶ ጃስፐርም ከኋላ ቆመው ከሚመዘግቡ ከኛ መካከል ተቀምጠው እንዲጨባበጡ። ስማቸውን እንጠይቃቸዋለን፤ በዚህ ጊዜ ነውርነቱን ችለነዋል፤

ሐ) ስለ ዱባው የተጻፈው እንዲታረም። ይህን ያስገባሁት አቶ ኢቮር ሰላም ስለነሱኝ ነው።

9. አቤቱታው እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ሆኖም በጽሕፈት ቤትዎ መመሪያ መሠረት የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ያልፈረመበት ማመልከቻ ተቀባይነት የለውም። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ዴልፊን ናት። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ በሯን አንኳኳሁ። ከፍታ አየችኝ፤ ወረቀቱን ተቀብላ ደጃፉ ላይ እንደቆመች እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"'ታላቅ እህቴ' ማለት ምን አስፈለገ?" አለች። "ሊቀ ዲያቆናቱ ዕድሜዬን ምን ያደርጉታል?"

"እውነት ስለሆነ ነው።"

"እውነት ከሆነማ ሾርባው ጨው የበዛበት እንደነበር ለምን አልጻፍሽም?"

"ሳህኑን እኮ ባዶውን ነው የመለስሽው።"

"እና ልድፋው? በዚያ ላይ እጄ አልተሰበረም፤ ወለምታ ነበር። ሐኪሙን የላክሽብኝ ግን አንቺ እንደሆንሽ ያን ዕለት አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንቺስ ለምን ዝም አልሽ? ግቢ፣ ቤቱ ቀዘቀዘ። ከውስጥ ሆነሽ ተጣዪኝ።"

ገባሁ። እስከ ምሳ ድረስ ተጣላን። ስለ እናታችን ተጣላን፤ ስለ ቀብሯ መዝሙር ተጣላን፤ በልጅነታችን ስለሞተው ውሻ ተጣላን፣ ስሙ ላይ እንኳ አልተስማማንም። ሻይ አፍልታ ሰጠችኝ፤ ስኳር የምወስድ መስሏት ጨምራበታለች፤ በእሱም ተጣላን።

ጽሕፈት ቤትዎ "እህትማማቾቹ መነጋገር ከጀመሩ ቤተ ክርስቲያኑ ሥራውን ጨርሷል" ወደሚል መደምደሚያ እንዳይሄድ፣ አለመታረቃችንን በአክብሮት አረጋግጣለሁ። የቀረን ክርክር ብዙ ነው። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ እጅ ለእጅ የሚያያይዘን ካልተገኘ የምንዘልቀው አይመስለኝም። አሁን ከበፊቱ ይልቅ ያስፈልገናል።

ዴልፊን ፈርማለች። ከመፈረሟ በፊት "ታላቅ" የምትለዋን ቃል በእስክሪብቶ ሰርዛታለች። ቤቴ ስመለስ አቤቱታውን በንጹሕ ወረቀት ላይ ስገለብጠው ቃሏን መልሼ ጽፌያታለሁ፤ ፊርማዋንም በአዲሱ ወረቀት ላይ ለማግኘት እንደገና ሄጄ አንኳኩቻለሁ።

እሁድ እሁድ ከምንለዋወጠው ሰላምታ ጋር፣

ሄስተር ፕላምሪጅ (ፊርማ)
አመልካች

ዴልፊን ፕላምሪጅ (ፊርማ)
የትሮስቢ ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ፣ በአቤቱታው ተስማምቼ፣ በአንቀጽ 6 ላይ ያለኝን ተቃውሞ አስመዝግቤ