ሠላሳ አንድ ተማሪ በአንድ ስልክ ቁጥር

መጋቢት 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የተሰጠኝን የምስጋና ወረቀት ስለ መመለስና ስለ አንዲት ተማሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በዚያ ሁሉ የበሽታ ወራት አንድም ቀን ሳይታመም ሥራውን የቀጠለው ማኅተምዎ ደህና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ስሜ ወንድይራድ ጥበቡ ይባላል፤ ከዲላ ወደ ቡሌ በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለች አነስተኛ ከተማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል፤ ባለፈው ነሐሴ፣ ስብሰባ በተከለከለበት ጊዜ፣ ሁለት መቶ ሰው ባጨቀ አዳራሽ ውስጥ በክርንዎ ሰላም ብለው የምስጋና ወረቀት የሰጡኝ ሰው ነኝ። የእርስዎንና የወረዳውን ስም ያልጻፍኩት ከአክብሮት የተነሣ ነው። ደብዳቤው በከተማችን በአቶ ይርጉ ወፍጮ ቤት በር ላይ ስለሚለጠፍ፣ ማን እንደሆኑ የአገሩ ሰው አያጣውም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ፣ ሰርኩላሩን ይመለከታል። የዛሬ ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪዎቻችን የት እንደገቡ ያውቃሉ ብዬ እገምታለሁ፤ ምናልባት ካልሰሙ ግን፣ አብዛኞቹ ከደጋው ወርደው አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው፣ በየቅዳሜው ቤታቸው እየወጡ የሳምንቱን ቆጮ ተሸክመው እየተመለሱ የሚማሩ ልጆች ናቸው። በተዘጋ ማግስት ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወጡ። በሳምንቱ የእርስዎ ሰርኩላር ደረሰን፤ መምህራን ከእንግዲህ በቴሌግራም እንደምናስተምር፣ ተማሪዎችም በየቤታቸው ተቀምጠው እንደሚከታተሉን ያበስራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ብሎ የተረተው ሰው ቴሌግራምን ሳያይ መሞቱ ያሳዝናል። ሰርኩላሩ እጅግ ባማረ ወረቀት ስለታተመ ግን ጀርባው ጠቅሞኛል፤ ለምን እንደጠቀመኝ ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

ሁለተኛ፣ ከሰርኩላሩ ጋር ስለመጣው ቅጽ ነው። አምስተኛው ዓምድ “የተማሪው ስልክ ቁጥር” ይላል፤ ከግርጌው ደግሞ ስልክ ቁጥር ያልተሞላለት ተማሪ ትምህርቱን እንዳቋረጠ እንደሚቆጠር በደማቁ ተጽፏል። አርባ ሦስት ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ስልክ ያላቸው አሥራ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀሩትን ሠላሳ አንድ ልጆች ድሆች ስለሆኑ ብቻ አቋረጡ ብዬ ልፈርም አልቻልኩም። ስለዚህ በሠላሳ አንዱም ስም ፊት ለፊት የራሴን ስልክ ቁጥር ጻፍኩ። ያው አንድ ቁጥር ከላይ እስከ ታች እንደ ዶቃ ተደርድሮ ሲያይ፣ አንድ ሰው ጠርቶ “ምን ነካህ?” ይለኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እንዲያው በሞቴ፣ አንድ ሰው እንኳ አይቶት ቢሆን! ዓምዱ መሙላቱ ብቻ ታየ፤ “አርባ ሦስት ከአርባ ሦስት፣ መቶ በመቶ በቴሌግራም ተደራሽ” ተብሎ ወደ በላይ አካል ተላለፈ፤ ለእኔም የምስጋናው ወረቀት መጣልኝ። አልዋሽዎትም፣ ሲጨበጨብልኝ ቀና ብዬ ነበር የተቀበልኩት።

ሦስተኛ፣ ወፍጮው ነው። ሰው ስልክ ባይኖረውም ይበላል፤ የሚበላ ቤት ሁሉ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰው ወደ ወፍጮ ይልካል። ትምህርቱን በሉክ ላይ በእጄ እየጻፍኩ፣ በካርቦን አምስት አምስት እያባዛሁ፣ ሉክ ሲያልቅብኝ በሰርኩላሮችዎ ጀርባ ላይ እየቀጠልኩ፣ በየሐሙሱ አቶ ይርጉ ወፍጮ ቤት ማስቀመጥ ጀመርኩ። በቆሎ ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ለልጁ ወይም ለጎረቤቱ ልጅ ይዞ ይወጣል፤ በሳምንቱ መልሱ ተጽፎበት ይመለሳል፤ ዱቄቱን አራግፌ አርማለሁ። አቶ ይርጉ ፊደል አልቆጠሩም፤ የትኛው ሉክ የየትኛው መንደር እንደሆነ ግን ከእኔ ይልቅ ያውቁ ነበር። መልስ ሳይዝ የመጣ አባት ካለ “ልጁ እጁ ተቆረጠ እንዴ?” እያሉ ከሰው ሁሉ መጨረሻ ያስፈጩት ነበር። በዚህ ዓይነት ሰባት ሉክ ሄደ፤ ከአርባ ሦስቱ አርባ አንዱ መልስ ይልኩ ነበር። ይህን ቁጥር የትም ሪፖርት ውስጥ አላገኘሁትም።

ይልቁንስ የዕቅድ ባለሙያዎ አቶ ሳምሶን በሞተር ሳይክል መጥተው፣ ነገሩ ያልተፈቀደ የማስተማሪያ ዘዴ መሆኑን፣ በዚያ ላይ ሰው እንዲሰበሰብ ምክንያት እንደሚሆን አስረድተው ሉኮቹን ጠራርገው ወሰዱ። ወፍጮው አልተዘጋም፤ ሰዉም ትከሻ ለትከሻ መሰለፉን አልተወም። በሽታው በዱቄት እንደማይተላለፍ፣ በታሪክ ትምህርት ግን እንደሚተላለፍ የተረዳሁት ያን ቀን ነው፤ ስለ ማብራሪያው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከዚያ ወዲህ ሉኩን በእግሬ በየመንደሩ አደርስ ጀመር። ጉልበቴ ያልኩዎት ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር አልሰጠውም። ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፣ አልሆነልኝም።

ትንቢት በፍቃዱ የምትባል ተማሪ አለችኝ። “ነበረችኝ” ብዬ ልጽፍ ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ። ቤቷ ከመኪናው መንገድ ሦስት ሰዓት በእግር ሽቅብ ነው፤ ከሠላሳ አንዱ እንደእሷ የሚርቅ አልነበረም። በስምንተኛው ሉክ ላይ አንድ ጥያቄ ነበር፤ አንድ ሰነድ ማኅተም ስላረፈበት ብቻ እውነት ነው ማለት ይቻላልን? አብራሩ፣ ይላል። ትንቢት የመለሰችውን ቃል በቃል እገለብጥልዎታለሁ፦

«አይቻልም። የእናቴ መታወቂያ የተወለደችው መስከረም አንድ ነው ይላል። የአባቴም መስከረም አንድ ይላል። የጎረቤቶቻችን ሁሉ መስከረም አንድ ነው። ማኅተም አለው። ግን ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ማን አዋለደው? ስለዚህ ማን ጻፈው፣ ለምን ጻፈው፣ ሲጽፍ ማንን ጠየቀ ብለን መጠየቅ አለብን።»

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ከዚህ የተሻለ መልስ አላረምኩም።

ይህን ሉክ ከእጇ የተቀበልኩት ባለፈው ጥቅምት፣ በአንድ ረቡዕ ቀን፣ በእናቷ በወይዘሮ ዘነቡ ቤት ተቀምጬ ነው። ከመንደር መንደር ሉክ ላደርስ ወደ ደጋው የወጣሁት እሑድ ነበር። በወጣሁ በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የማካካሻ ትምህርት ምዝገባ የሦስት ቀን ጊዜ ሰጠ፤ ያልተመዘገበም ለፈተና እንደማይቀመጥ አሳወቀ፤ ጥሪውንም በቅጹ ላይ ለተሞላው ስልክ ሁሉ ላከ። የትንቢት ጥሪ የተላከው እንግዲህ ወደ እኔ ስልክ ነው። የእኔ ስልክ ባትሪው አልቆ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳዬ በትንቢት ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ እኔ ከትንቢት ፊት ለፊት ተቀምጬ የቀረበልኝን ትኩስ ቆጮ በጎመን እበላ ነበር። ምዝገባው የተዘጋው በዚያው ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ሐሙስ ወርጄ ስልኬን ሻይ ቤት ሰክቼ ሳበራው ይንጫጫ ጀመር። ሠላሳ አንድ መልእክት፤ ሠላሳ አንዱም “ውድ ተማሪ” ይላል። ሠላሳዎቹ ቀድመው ተመዝግበዋል፤ በቴሌግራም እንዳይመስልዎት፤ አቶ ይርጉ ወሬውን ሰምተው ሦስቱን ቀን ሙሉ ለመጣ ሁሉ “ልጅህን ልከህ አስመዝግብ” ሲሉ ስለከረሙ ነው። ከትንቢት መንደር ግን በዚያ ሳምንት ወፍጮ የወረደ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዎ ደረስኩ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አቶ ሳምሶን መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ፤ የተላከ አርባ ሦስት፣ ያልተላከ ዜሮ። ተማሪዋ ተጠርታ ቸል ብላለች ማለት ነው። ቁጥሩ የእሷ አይደለም ካልኩ ደግሞ፣ ፊርማዬ ያለበት ቅጽ ሐሰተኛ ሊሆን ነው፤ ያኔ በዚያው ቁጥር የተሞሉት ሠላሳዎቹ ልጆችም ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ይታገዳሉ። ማጣራቱ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብዬ ጠየቅሁ፤ ፈተናው ሳያልፍ እንደማያልቅ በትሕትና ገለጹልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ዝም አልኩ።  ሠላሳውን ለማዳን አንዷን ተውኳት። በቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ሰው ነኝና፣ ሠላሳ ቁጥር ለምን እንደሚታወቅ ያን ዕለት ማታ ማንም ሊያስታውሰኝ አላስፈለገም። አቶ ሳምሶን በስሟ ፊት ለፊት “በራሷ ፈቃድ ያቋረጠች” ብለው ጻፉ፤ እኔ ቆሜ እያየሁ የእርስዎ ማኅተም አረፈበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የታረመውን ሉክ ይዤ ስወጣ ወይዘሮ ዘነቡ በሚችሉት አማርኛ «መምህር፣ ትንቢት ዲላ ሄደ፤ ቡና ይለቅማል» አሉኝ። አልተቆጡኝም፤ እንዲያውም ደክሞሃል ብለው ውሃ ሰጡኝ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ ነበር። ዲላ ወርጄ ከመጋዘን መጋዘን ስጠይቅ ውዬ አገኘኋት፤ ከብዙ ሴቶች መካከል መሬት ላይ ተቀምጣ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ትለያለች። ሉኩን ሰጠኋት፤ አሥር ከአሥር። ቁጥሩን ትንሽ አየችው፤ አጣጥፋ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። ስለ ስልኩም፣ ስለ መዝገቡም፣ ስለ ዝምታዬም ያለውን ሁሉ ነገርኳት። «ቲቸር፣ በራሷ ፈቃድ ብለው ሲጽፉ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ። አለቃዋ ስትጮኽባት ወደ ለቀማዋ ዞረች።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምጽፈው ለምን እንደሆነ ይገባዎታል። ፈተናው ባለፈው ሳምንት አልቋል፤ ሠላሳዎቹ ተቀምጠዋል፤ የተመዘገቡትም ራሳቸው በአካል መጥተው ፈርመው ነው። ከእንግዲህ የሚታገድ ነገር ቢኖር የእኔ ደመወዝ ነው። አዎን፣ ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጅቻለሁ። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ የታሪክ ተመራማሪ መዝገብዎን ገልጦ በ2012 ዓ.ም. የደጋ ልጆች ሁሉ ስልክ ነበራቸው፣ መቶ በመቶም በቴሌግራም ይማሩ ነበር ብሎ ቢጽፍ፣ ሰውየውን ያሳሳትነው እኔና እርስዎ ነን፤ እኔ በፊርማዬ፣ እርስዎ በማኅተምዎ። ለዚህ ትብብራችን ደግሞ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶናል።

የምለምንዎ አንድ መስመር ነው። በፈቃዷ ያቋረጠች የተባለች ተማሪ በመደበኛው መመለስ እንደማትችል የራስዎ መመሪያ ይላል። እባክዎ “በራሷ ፈቃድ ያቋረጠች” የሚለውን ሰርዘው “ጥሪ ያልደረሳት” ብለው ይጻፉ፤ መስከረም ላይ ክፍሏ ትግባ። ከብዕርዎ ጠብታ ያህል ቀለም አይወስድም። ቅጣቱን በእኔ ላይ ያድርጉት፤ ልቃወም አልመጣም።

ሥራ የሚበዛበት ጊዜዎን በመሻማቴ አዝኛለሁ። እርስዎን ያህል ባላጋንንም፣ መቶ በመቶ አክባሪዎ መሆኔን አረጋግጣለሁ።

ወንድይራድ ጥበቡ
የታሪክ መምህር፣
በመዝገብዎ መሠረትም ሠላሳ አንድ ተማሪ

ግልባጭ፦
ለአቶ ይርጉ ወፍጮ ቤት በር
ለወይዘሮ ዘነቡ (በቃል፣ ራሴ ወጥቼ የማደርሰው)

ማስታወሻ፦ የምስጋናውን ወረቀት ከነፍሬሙ አያይዣለሁ፤ መስተዋቱ አልተሰነጠቀም፣ ለሚቀጥለው ሰው ይሆናል። ደግሞ አንድ ነገር ልረሳ ነበር። መስመሩን ከመሰረዝዎ በፊት ተማሪዋን ራሷን ልጠይቅ ቢሉ፣ ይህም ደንብ ነው፣ በቅጽዎ አምስተኛው ዓምድ ላይ ባለው የትንቢት ቁጥር ይደውሉላት። አሁን ባትሪው ሙሉ ነው፤ ከትራሴም አይርቅም። እኔ አነሳለሁ። “በራስሽ ፈቃድ ነው ያቋረጥሽው?” ብለው ይጠይቁኝ፤ እስከ ዛሬ ማንም ስላልጠየቀ፣ መልሱን ይዤ እየጠበቅሁ ነው።