«በሞቴ» እያሉ ለሚያጎርሱን ለማኅበራችን ሙሴ ስለ ሆዴ የቀረበ አቤቱታ

ጎንደር፣ አራዳ
ሰኔ ፲ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች በላቸው የሻው
የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ፣ የማዕዳችን ዳኛ፣ የጉርሻችን አዛዥ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር በትሕትና እጠይቃለሁ። ጥርስዎ እንደ ወትሮው አጥንት ይሰብራል? ጨጓራዎስ የቅዳሜውን ጥሬ ሥጋ በጊዜው አሰናብቶ ለእሑዱ ዶሮ ቦታ ይለቃል? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ለእርስዎ ያለኝ አክብሮትም ከቀድሞው አንዳች አልቀነሰም፤ የቀነስኩት እኔ ነኝ፣ ሃያ ስድስት ኪሎ።

ይህን ደብዳቤ ማንም እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩት ፍርድዎም በግልጽ ስለተነበበ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ በዐጸዱ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ሳለ፣ «አላምረው ባዬ ማዕድ ስለናቀ፣ በበዓለ ሃምሳም ስለጾመ፣ ከማኅበሩም ስለቀረ፣ ከተራው ውጭ አንድ ድግስ ይደግስ» ብለው ፈርደውብኛል። ስለዚህ ክብር ከልብ አመሰግናለሁ፤ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት በሠራሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ስሜን እንዲያ ጮክ ብሎ የጠራ አለቃ አላጋጠመኝም። ነገር ግን ፍርዱ ሲሰጥ የእኔ ቃል ስላልተሰማ፣ የተበደልኩትን በቁጥር አድርጌ ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው መስከረም ከእርስዎ ቤት የዘመን መለወጫ ድግስ በልቼ ስመለስ የአራዳው ዳገት አጋማሽ ላይ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ የምለው ለክብሬ ነው እንጂ ወድቄያለሁ። አራት ሰዎች ተሸክመው ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዱኝ አንደኛው ደክሞት በመንገድ ላይ በሌላ ተተካ። ፈረንጁ ሐኪም ደረቴን አዳመጡ፣ ሚዛን ላይ አቆሙኝ፤ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ሆንኩ። ከዚያም አንድ ነገር ተናገሩና የሐኪሙ ረዳት ድሬሰሩ አዝመራ ተረጎመልኝ። «ሐኪሙ የሚሉት፣ ልብዎ ለሁለት ሰው እየሠራ ነው። አንደኛውን ሰው ካላሰናበቱት ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ» አለኝ። የምበላውንና የማልበላውን የሚዘረዝር ወረቀትም ተሰጠኝ። ባለቤቴ ታየች ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ አልቅሳም ስታበቃ፣ የታመመ ሰው ይጠንክር ብላ ዶሮ አረደችልኝ። ወረቀቱ የሚለው ዶሮ ማረድ እንዳልሆነ እስኪገባት ሦስት ቀን ተከራከርን፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከእኔ የበለጠች ጠባቂ ሆናለች።

ይህን ሁሉ ለእርስዎ በወቅቱ ነግሬዎታለሁ። «አይዞህ፣ ፈረንጅ ሰው ሲጠግብ ማየት አይወድም» ብለው አጽናኑኝ። ስለ ማጽናናትዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ በጥር ወር የልጅ ልጅዎ ክርስትና ተነሣ። አልመጣም ብል ንቀት፣ መጥቼ ባልበላ ስድብ ስለሆነብኝ፣ መጥቼ ጥቂት ልብላ ብዬ ወሰንኩ። አንድ እንጀራ ብቻ በልቼ እጄን ሰበሰብኩ። ማንም አላየኝም ብዬ ሳለሁ እርስዎ ከአዳራሹ ማዶ አይተውኝ፣ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አስነሥተው መጡ። በእጅዎ የያዙት ጉርሻ የሕፃን ራስ ያህል ነበር፤ ቅቤውም በክንድዎ ይወርድ ነበር።

«በሞቴ!» አሉኝ።

«ግራዝማች፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል።»

«ሐኪሙ እዚህ አለ?»

«የለም።»

«እኔ ግን አለሁ። አፈር ስሆን! በሞቴ!»

ጎረስኩ። አንዱ ያጣላል ብለው ሁለተኛውን፣ ሁለቱ ለእኔ ነው፣ ይህ ለሕፃኑ ነው ብለው ሦስተኛውን ጨመሩልኝ። መተንፈስ አቅቶኝ እንባዬ ሲፈስ፣ «አያችሁት፣ ፍቅር አስለቀሰው!» ብለው ለሕዝቡ አሳዩኝ፤ ሴቶቹም እልል አሉ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በእርስዎ ሞት ስንት ጊዜ እንደበላሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። መሐላው የሚሠራ ቢሆን ኖሮ እርስዎን ገና ድሮ ቀብረን ተዝካርዎን በልተን ነበር። እርስዎ ግን እንደ ዋርካ ቆመዋል፤ በሞትዎ የሚምሉት እርስዎ፣ የምሞተው እኔ። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ፣ «በላቸው» ያለዎት መልአክ ወደፊት የሚሆነውን ያየ ይመስለኛል።

ሦስተኛ፤ በየወሩ እንድመዘን ስለታዘዝኩ፣ ሐኪም ቤቱ ስለሚርቀኝ በገበያ ሰሊጥ በሚመዝን በአንድ የሳንጃ ነጋዴ ሚዛን እመዘን ነበር። ነጋዴው ደግ ሰው ስለሆነ ምንም አላለኝም። እርስዎ ግን በበቅሎ ሲያልፉ ቆመው፣ «ኪሎው ስንት ነው? ከነገለባው ነው ወይስ ተበጥሮ?» ብለው ገበያውን አሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ በገበያው የምታወቀው «ከነገለባው» በሚለው በእርስዎ ቃል ነው።

አራተኛ፤ የጾሙ ነገር። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ ስውል፣ ከዘጠኝ በኋላም ጥቂት ሽሮና ጎመን ብቻ ስበላ፣ «አላምረው መነኰሰ፣ ጸሎቱ ይድረሰን» ተብዬ ተመሰገንኩ፤ እርስዎም በሰው ፊት ግንባሬን ሳሙኝ። ፋሲካ ውሎ በማግሥቱ በዚያው አፌ ያንኑ ያህል ስበላ መናፍቅ ሆንኩ። «በበዓለ ሃምሳ መጾም በሕግ የተከለከለ ነው» ብለው ለንስሐ አባቴ ከሰሱኝ። እኔ አልጾምኩም፤ በልቻለሁ፣ ሥጋም በልቻለሁ። በቤተ ክርስቲያን ሕግ ትንሽ መብላት ጾም መሆኑን ያስተማረኝ መምህር የለም። የንስሐ አባቴም ጠርተው ጠየቁኝና፣ «ልጄ፣ ቅቤ ቀምሰሃል?» አሉኝ። ቀምሻለሁ አልኩ። «እንግዲያስ ጾመኛ አይደለህም፤ ሂድ» ብለው አሰናበቱኝ። ይህ ቃላቸው በፍርድዎ ውስጥ ለምን እንዳልተጻፈ አላውቅም፤ ምናልባት ቀለም አጥሮ ይሆናል።

አምስተኛ፤ ግንቦት እንደገባ «ከማዕድ ጋር ተጣልቷልና አስታርቁት» ብለው ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ ድረስ ላኩ። ከእርስዎ ጋር አልተጣላሁም፣ ከታየች ጋር አልተጣላሁም፤ ከመሶብ ጋር ታረቅ ተብሎ ሽማግሌ የተላከበት ሰው በበጌምድር ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አያ ማሩ በር ላይ ቆመው፣ «እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ።

«ምን ልበል አያ?»

«ምነው፣ እንደ ሰው ልብላ በል።»

«አያ ማሩ፣ ልቤ እየደከመብኝ ነው።»

«ሸጋ! ልብ የሚጠናው በምን ሆነና? በመብል አይደለም?»

ሽማግሌ ቆሞ አይውልም፤ አስቀመጥኳቸው። ተቀምጦም ባዶ አፉን አይሄድም፤ አንድ ሙክት አረድኩላቸው። ሲመሽ አያ ማሩ ቀበቷቸውን ፈትተው፣ «እኛ ታርቀናል፤ አንተ ግን ገና ነህ» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ፣ የሳንባ በሽታ ይዞታል፣ ጠንቋይ አትብላ ብሎታል፣ ሥጋ የማይበላ ሃይማኖት ገብቷል የሚል ወሬ ይነዛል። ሦስቱ ወሬዎች እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ አንድ ምንጭ አላቸው ለማለት አልደፍርም። ግን ሦስቱም ከእርስዎ ግቢ ሲወጡ የታዩ ስለሆኑ፣ ለልፋትዎ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ስድስተኛና የመጨረሻው፤ በግንቦቱ ማኅበር ያልተገኘሁበት ምክንያት ነው። ይህን ሳልቀልድ እንድናገር ይፍቀዱልኝ።

እናቴ ወለተ ሚካኤል የምትኖረው ከዳባት የማኪና መንገድ ወርደው ግማሽ ቀን ሽቅብ ከሚወጣው ደጋ ላይ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ላያት ስሄድ የተከራየኋት በቅሎ ዳገቱን ሳታጋምስ ተኛች። ብንጎትታት አልነሣም አለች። ባለበቅሎው ሰማይ ሰማይ እያየ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ ቢመለሱ እሷ ትድናለች» አለኝ። ተመለስኩ። ለእናቴ የላክሁት ቃል ግን ሥራ ይዞኛል የሚል ነበር፤ በቅሎ አልሸከምህ አለችኝ ብሎ ለእናት መላክ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያልደረሰበት አያውቀውም። ዘንድሮ በጥቅምት እሷም በበኩሏ ቃል ላከችብኝ። «ዓይኔ እየጨለመ ነው። ጨርሶ ሳይጠፋ ልጄ ይምጣና ልየው» የሚል ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ማዕድ ናቀ ያሉኝ ሰው ጉርሻ በመለሰ ቁጥር የሚያስበው ያንን ዳገት ነበር። ከበላሁ አልወጣውም፤ ካልወጣሁት አታየኝም። ነገሩ ይኸው ነው።

በግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው፣ በቅሎ ሳልይዝ በእግሬ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ጊዜ ዐርፌያለሁ፤ ሁለት ጊዜም ልመለስ ብዬ ነበር። ስደርስ እናቴ ከደጇ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣ ነበር። ድምፄን ብታውቀውም ፊቴን በእጇ ስትዳስስ ግራ ተጋባች። ጉንጬን ፈለገች፣ አገጬን ፈለገች፤ ከዚያ አለቀሰች።

«ልጄን ምን በላብኝ?» አለች።

«ማንም አልበላኝም እማ። አንቺ ዘንድ ለመድረስ ያወረድኩት ነው» ብዬ የበቅሎዋን ነገር ሳልደብቅ ነገርኳት።

በኋላ የገብስ እንጀራ ቀረበ። እናቴ በዚያ በደካማ እጇ አንድ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችኝና ሁለተኛውን ስጠብቅ እጇን በአፌ ላይ አደረገች። «ይበቃሃል» አለችኝ። «ከርመህ ደግሞ ትመጣልኛለህ።»

በአርባ ሦስት ዓመት ዕድሜዬ ከማዕድ ላይ «ይበቃሃል» ተብዬ አላውቅም ነበር። ከልጅነቴ እስከ ዛሬ ከተቀበልኳቸው ጉርሻዎች ሁሉ ሆዴን ያጠገበኝ ያ ያልጎረስኩት ሁለተኛው ነው። ሳምንት አብሬያት ሰነበትኩ፤ የፊቴን ጥላ በቀን ብርሃን ለየችው፣ ከአባቴ ጋር እንደምመሳሰልም ነገረችኝ። በእርስዎ ቤት ማኅበሩ በሚጠጣበት ቀን እኔ የነበርኩት እዚያ ነው፤ ተጸጽተህ ይቅርታ ጠይቅ ከተባልኩ ግን ይህን ብቻ ማድረግ እንደማልችል በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

ከዚህ የተረፈውን ፍርድዎን ግን ተቀብያለሁ። የጸሐፊነት ልማድ ይዞኝ ቃሉን መልሼ መላልሼ አነበብኩት። «አንድ ድግስ ይደግስ» ይላል፤ ፍስክ ይሁን አይልም። ስለዚህ ድግሱ የሚሆነው ሰኔ ፳፩ ቀን ሐሙስ ነው፤ እንደሚታወቀው የሐዋርያት ጾም የሚገባው ሰኔ ፲፰ ነው። የሚቀርበው ጎመን፣ የተቀቀለ ዱባ፣ የገብስ ቂጣና ከምንጭ የተቀዳ ንጹሕ ውኃ ሲሆን፣ ሁሉም ሰው እንደ አቅሙ ብቻ ይበላል። የሚያጎርስ ሰው ቢገኝ ታየች በር ላይ ቆማ በአክብሮት ታስወጣዋለች። አያ ማሩንም ቀበቷቸውን ጠበቅ አድርገው እንዲመጡ ይንገሩልኝ።

ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ገበታዎን ያሳጥረው፣ ጨጓራዎንም ከአዛዡ ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ካሁን ቀደም ከወገቤ ዝቅ ማለት አልችልም ነበርና ይህን ሰላምታ እንደ አዲስ ስጦታ ይቁጠሩልኝ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
አላምረው ባዬ
የመዝገብ ቤት ጸሐፊ

ግልባጭ፦ ለማኅበርተኞች ሁሉ፣ ለንስሐ አባታችን፣ ለአያ ማሩና ለሁለቱ ሽማግሌዎች።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው ሰኞ ጧት በሐኪም ቤቱ ደጅ፣ በጋቢ እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ተራ ሲጠብቁ ያየኋቸው ትልቅ ሰው እርስዎ አለመሆንዎን በሙሉ ልቤ አምኛለሁ፤ ከደጅ የታሰረችው በቅሎም የእርስዎን በቅሎ ብትመስል የበቅሎ ነገር ነው። ብቻ እኒያን ሰውዬ ካወቋቸው አይዞዎ ይበሉልኝ፤ ድሬሰሩ «ነገ ቁርስ ሳይበሉ ይምጡ» ሲላቸው፣ ተርበትብተው «ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» ሲሉ ሰምቻለሁ።